አንድ መለኪያ፦ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ሴቶችና የእኩልነት ጥያቄ

ስለ ሴቶች እኩልነት ስንወያይ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከሐሳብ ነው። «ሴት ልጅ ይህን ትችላለች ወይ?» ብለን እንጠይቅና ግማሾቻችን ትችላለች፣ ግማሾቻችን አትችልም እያልን እስኪመሽ እንከራከራለን። ታሪክ ግን እኛ ገና የምንከራከርበትን ነገር ቀድሞ ፈትኖ ውጤቱን አስቀምጦልናል። ሄዶ ማንበብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በዚህ ጽሑፍ ከእኛ ኑሮ ራቅ ያለ የሚመስል አንድ ታሪክ እንመለከታለን፤ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድምና በዚያ የተሳተፉ ሴቶች ታሪክ። ይህን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። በብዙ የሥራ መስክ ማን እንደሚበልጥ የሚፈርደው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያዳላል። በእሽቅድምድም ሜዳ ግን የሚፈርደው ሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ በሞተሩ ላይ የተቀመጠው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም። ስለዚህ ሴቶች ከዚህ ሜዳ በተከለከሉ ጊዜ የተከለከሉበት እውነተኛ ምክንያት ምን እንደ ነበረ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1930 የተዘጋ በር

በ1928 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ አንድ አዲስ የእሽቅድምድም ዓይነት ገባ። ስፒድዌይ ይባላል። ሞላላ በሆነ፣ አስፋልት በሌለው ሜዳ ላይ ፍሬን የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች በየማዕዘኑ ጎናቸውን ሰጥተው እየተንሸራተቱ ይሽቀዳደማሉ። ሕዝቡ በብዙ ሺህ እየጎረፈ ያየው ጀመር።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ፌይ ቴይለር የምትባል አየርላንዳዊት ነበረች። የተወለደችው በ1904 ነው። ይህችን ሴት ማንም አልጋበዛትም፤ ራሷ ሄዳ ሜዳው ውስጥ ገባች ማለት ይቻላል። ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድም ተሻግራ በዚያ ስማቸው የገነነ ወንዶችን አሸነፈች። ተመልካቹ እርሷን ለማየት ይሰለፍ ነበር።

ይሁን እንጂ በ1930 አንዲት ሌላ ሴት ተወዳዳሪ ለንደን ውስጥ በዌምብሊ ስታዲየም ወድቃ ተጎዳች። ከዚያ በኋላ ሴቶች በእንግሊዝ ስፒድዌይ እንዳይወዳደሩ ተከለከሉ። ልብ በሉ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ወንዶች በየጊዜው ይወድቁ ነበር፤ አጥንታቸውም ይሰበር ነበር። አንድ ወንድ ሲወድቅ የተነገረው «እገሌ ወደቀ» ተብሎ ነው። ሴቲቱ ስትወድቅ ግን «ሴቶች ይወድቃሉ» ተባለ። የአንዷ ስሕተት የሁሉም ሆነ። ይህ አስተሳሰብ በሞተር ሳይክል ሜዳ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ዙሪያችንን ካየን በብዙ ቦታ እናገኘዋለን።

ፌይ ቴይለር በሩ ሲዘጋባት ወደ መኪና እሽቅድምድም ዞረች። የዚህች ሴት ታሪክ ግን በሙሉ የሚያስመሰግን አይደለም። በኋላ የፋሺስት ፓርቲ ደጋፊ ሆነች፤ በ1940ም በዚሁ ምክንያት የእንግሊዝ መንግሥት አስሯታል። ይህን የምጽፈው ለማሳነስ አይደለም። በፋሺስት ጦር የተወረረ አገር ልጆች ሆነን ይህን ዘለን ብናልፍ ግን እውነቱን ጎዶሎ እናደርገዋለን። ሴቶች እንደ ወንዶች ሊሳሳቱ፣ ክፉ ወገንም ሊመርጡ ይችላሉ። ለእነርሱ እኩል ዕድል እንዲሰጥ የምንጠይቀው ከወንዶች የተሻሉ መላእክት ስለ ሆኑ ሳይሆን ሰዎች ስለ ሆኑ ነው።

ብሩክላንድስና የወርቅ ኮከቡ

ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ዌይብሪጅ በምትባል ከተማ አጠገብ ብሩክላንድስ የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ ነበር። በ1907 የተከፈተ ሲሆን ለሞተር እሽቅድምድም ተብለው ከተሠሩት ቋሚ ሜዳዎች ቀዳሚው ነው። ዙሪያው 4.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኮንክሪት የተሠራ ሆኖ ማዕዘኖቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ወደ ላይ ያዘነብሉ ነበር። ኮንክሪቱ ከጊዜ በኋላ ስለ ተሰነጣጠቀና ስለ ወጣገባ በፍጥነት የሚሄድ ሞተር ሳይክል ከመሬት እየተነሣ አየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

የብሪታንያ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ክበብ በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ሽልማት አቋቋመ። ክበቡ ባዘጋጀው ውድድር ውስጥ አንዱን ዙር በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ161 ኪሎ ሜትር በላይ ለዞረ ሰው ትንሽ የወርቅ ኮከብ ይሰጠዋል። ደንቡ ይኸው ነው። ዝናም ሆነ ዘር፣ ሀብትም ሆነ ጾታ በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም። ሰዓቱ ከሞላልህ ኮከቡን ትወስዳለህ፤ ካልሞላልህ አትወስድም።

ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በብሪታንያ ሴቶች ከወንዶች እኩል በ21 ዓመታቸው የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 ነው። በ1918 የተሰጣቸው መብት ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነና ለዚያውም ሌላ መስፈርት ላሟሉ ብቻ ነበር። የምርጫ ካርድ ለሴቶች በእኩል ከተሰጠ ገና ስድስት ዓመት እንደ ሆነው፣ በሚያዝያ 1934፣ ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባለች ሴት በብሩክላንድስ በሰዓት 164 ኪሎ ሜትር ገደማ ዞረች። በሞተር ሳይክል በዚያ ሜዳ የ100 ማይልን ድንበር ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። የወርቅ ኮከቡንም ተቀበለች።

በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ መጣች። ስሟ ቢያትሪስ ሺሊንግ ይባላል። ኖርተን የተባለውን ባለ 500 ሲሲ ሞተር ሳይክሏን በገዛ እጇ እየፈታችና እየገጠመች አዘጋጅታ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ዞረች። በ1939 ደግሞ ሦስተኛዋ ቴሬሳ ዋላክ በባለ 350 ሲሲ ኖርተን በሰዓት ከ163 ኪሎ ሜትር በላይ ዞራ ኮከቡን ወሰደች። በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ብሩክላንድስም ለእሽቅድምድም ዳግመኛ አልተከፈተም። ከሴቶች መካከል የወርቅ ኮከቡን ያገኙት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ሦስት ብቻ መሆናቸውን እንደ ሽንፈት የሚያይ ይኖራል። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጬ እጠይቃለሁ። በዚያ ዘመን ስንት ሴት ልጅ ሞተር ሳይክል የመግዛት ገንዘብ፣ የመለማመጃ ጊዜ፣ መፍቻ ይዛ ጋራዥ ውስጥ የመግባት ፈቃድ ነበራት? ከብዙ ሺህ መካከል ከተመረጡ ወንዶች ጋር ከጥቂት ደርዘን ሴቶች መካከል የወጡ ሦስት ሴቶች በአንድ መለኪያ ተለክተው አለፉ። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው በሰዓቱ ምክንያት ሳይሆን ወደ ሜዳው በሚወስደው መንገድ ምክንያት ነው።

ከለንደን እስከ ኬፕታውን

ብሌንኪሮንና ዋላክ ወዳጆች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 1934 በአንድ ሞተር ሳይክል ከለንደን ተነሥተው አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ ወጡ። ሞተሩ ፓንተር የሚባል ባለ 600 ሲሲ ነበር። ከጎኑ ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ ተገጥሞለታል፤ ከኋላው ደግሞ ዕቃ የተጫነበት ተሳቢ ይጎትታል። ከአልጀርስ ተነሥተው የሰሃራን በረሃ ያለ ኮምፓስ አቋረጡ። አሸዋው ሞተሩን በዋጠው ጊዜ ይቆፍራሉ፤ ይገፋሉ፤ ጥቂት ሄደው ደግሞ ይቆፍራሉ። በአጋዴዝ አካባቢ ሞተሩ ክፉኛ ተሰብሮባቸው እስኪጠገን ድረስ ለመቆየት ተገደዱ።

ከዚያ በናይጄሪያ፣ በኮንጎ ደን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንጋኒካ አድርገው በሐምሌ ወር 1935 ማብቂያ ላይ ኬፕታውን ደረሱ። ከጎረቤት አገር ኬንያ ባለፉበት በዚያ ዓመት በእኛ አገር ድንበር ላይ የኢጣሊያ ጦር እየተከማቸ ነበር፤ እነርሱ ጉዟቸውን ከጨረሱ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወረራው ተጀመረ። በቅኝ ገዥዎች የተያዘችውን አፍሪካ እንደ ልብ ማቋረጥ የቻሉት የብሪታንያ ዜጎች በመሆናቸው ጭምር እንደ ሆነ አንዘነጋም። በየመንገዱ ሞተሩን በገፉላቸውና ውኃ ባጠጧቸው አፍሪካውያን እጅም ተረድተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሁለት ሴቶች ያለ ወንድ አጃቢ፣ ያለ ድጋፍ መኪና፣ መፍቻቸውን ይዘው ያን ያህል መንገድ መሄዳቸው በዘመኑ «የሴት ተፈጥሮ ይህን አይችልም» ለሚለው ንግግር በቂ መልስ ነበር።

ዋላክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ በሞተር ሳይክል መልእክት አድራሽ ሆና አገለገለች። በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዳ ሞተር ሳይክል መንዳት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ስለ አነዳድም መጽሐፍ ጻፈች። ራሷም እስከ 88 ዓመቷ ድረስ ስትነዳ ኖረች።

የሺሊንግ ሮንዴላ

ከሦስቱ ሴቶች የቢያትሪስ ሺሊንግን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሜዳው ላይ ያገኘችው ችሎታ ከሜዳው ውጭ ብዙ ሕይወት ያዳነ ነው።

ሺሊንግ በ1909 ተወለደች። በ14 ዓመቷ ሞተር ሳይክል ገዝታ መፍታትና መግጠም ጀመረች። ትምህርቷን ስትጨርስ ማርጋሬት ፓርትሪጅ የምትባል መሐንዲስ ሥራ ሰጠቻት። ፓርትሪጅ በእንግሊዝ ገጠር ለሚገኙ መንደሮች የኤሌክትሪክ መብራት የምትዘረጋ ድርጅት ባለቤት ነበረች፤ ወጣት ሴቶችንም አጠገቧ አድርጋ ታሠለጥን ነበር። ሺሊንግን ሽቦ እንድትዘረጋ፣ ጄኔሬተር እንድትተክል ካደረገቻት በኋላ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ገፋፋቻት። ሺሊንግ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምራ በ1932 ተመረቀች፤ በሚቀጥለውም ዓመት በመካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች።

በ1936 ፋርንቦሮ በሚገኘው የመንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ተቀጠረች። በመጀመሪያ የተሰጣት ሥራ የሞተር መመሪያ መጻፍ ነበር። በእጇ ሞተር ለምትፈታ ሴት ወረቀት ሰጧት ማለት ነው። ቆይታ ግን ወደ ካርቡሬተር ክፍል ተዛወረች።

በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ብሪታንያን ሲደበድቡ እንግሊዛውያን አብራሪዎች አንድ የሚያስጨንቅ ችግር ገጠማቸው። ስፒትፋየርና ሃሪኬን የሚባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ሜርሊን በሚባል ሞተር ይሠሩ ነበር። አብራሪው ጠላቱን ለመከተል አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ላይ ይፈናጠራል። ሞተሩ መጀመሪያ ነዳጅ ያጣል፤ ወዲያውም ከልክ ያለፈ ቤንዚን ያጥለቀልቀውና ይታፈናል። ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ግን ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ሞተር ስለ ነበረው ይህ ችግር አልነበረበትም፤ አፍንጫውን ደፍቶ ያመልጣል፤ ወይም ተመልሶ ሞተሩ የጠፋበትን ይመታል። በአየር ላይ ጥቂት ሴኮንድ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ሺሊንግ ያገኘችው መፍትሔ መሐሉ የተበሳ ትንሽ ብረት ነበር። በኋላ ይበልጥ ተሻሽሎ ከተራ ሮንዴላ ብዙ የማይለይ ሆነ። የቀዳዳው ስፋት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያስፈልገውን ቤንዚን ብቻ እንዲያሳልፍ በጥንቃቄ ተለክቷል። ስለዚህ አፍንጫው ሲደፋ ሞተሩን የሚያጥለቀልቅ ቤንዚን አያልፍም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አውሮፕላኑን ከግዳጅ ሳያስወጡ ሊገጠም መቻሉ ነው። በ1941 መጀመሪያ ላይ ሺሊንግ ጥቂት ሠራተኞችን ይዛ ከአንዱ የአየር ኃይል ጣቢያ ወደ ሌላው እየሄደች አስገጠመችው። ችግሩ ጨርሶ አልተወገደም፤ ሌላ ዓይነት ካርቡሬተር እስኪሠራ ድረስ ግን አብራሪዎቹን በጦርነቱ ውስጥ አቆያቸው።

በአገራችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባል ተረት አለ። ሴት ዐዋቂ ብትሆንም የነገሩ መደምደሚያ በወንድ ነው ማለት ነው። ይህ ተረት ምክር ተብሎ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በሺሊንግ ሕይወት ግን ነገሩ የጀመረውም ያለቀውም በራሷ እጅ ነው። ሴት ዐወቀች፤ በሴትም አለቀ፤ ወንዶቹ ደግሞ በሕይወት ተመለሱ። ዕውቀቷ በወንድ እንዲያልቅ ቢጠበቅ ኖሮ የሚጎዱት ሴቶች ብቻ አልነበሩም።

ሺሊንግ በ1938 ጆርጅ ኔይለር የሚባል የሥራ ባልደረባዋን አገባች። እርሱም ሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። «አንተም የወርቅ ኮከብ ካላገኘህ አላገባህም» አለችው ይባላል። እውነትም ይሁን ቀልድ፣ እርሱም ኮከቡን አግኝቷል። በዚያ ዘመን በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድድ ደንብ ነበረ፤ የተነሣውም በ1946 ነው። ሺሊንግ ግን አግብታም በተቋሙ ቀጠለች። ያ ደንብ በእርሷም ላይ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሮንዴላውን የሚሠራው ማን ይሆን ነበር? በዚያ ደንብ ምክንያት ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሌሎች ሴቶች ምን ይሠሩ እንደ ነበረስ ማን ይነግረናል? መክሊትን ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ደንብም ይቀብረዋል።

የሰው ደሴት

አሁን ወደ ሌላ ሜዳ እንሻገር። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል «አይል ኦፍ ማን» የምትባል ደሴት አለች። ከ1907 ጀምሮ ቲቲ የሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር ይካሄድባታል። ተወዳዳሪዎቹ የሚሽቀዳደሙት በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ በድንጋይ አጥርና በቤቶች ግድግዳ መካከል። የተራራው ዙር 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ዙር ላይ እስከ ዛሬ ከ250 የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። አደገኛ መሆኑን ማንም አይክድም።

በ1954 ኢንጌ ሽቶል የምትባል ጀርመናዊት በዚያ ውድድር የተሳተፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የተሳተፈችው ከጎን በተገጠመው መቀመጫ ላይ ነው። ይህ ሥራ መቀመጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየማዕዘኑ ሰውነቷን ከመሬት አንድ ስንዝር እስኪቀራት ድረስ ወደ ውጭ ወርውራ ሚዛን የምትጠብቀው እርሷ ናት። ከፈረንሳዊው ዣክ ድሪዮን ጋር አምስተኛ ወጡ። በ1958 ግን ሁለቱም በቼኮዝሎቫኪያ ብርኖ ከተማ በውድድር ላይ አብረው ሞቱ።

በ1962 ቤሪል ስዌይን የምትባል የለንደን ሴት ብቻዋን ሞተር ሳይክል ይዛ በቲቲ ለመወዳደር ተፈቀደላት። ባሏ የሞተር ሳይክል ጥገና ሥራ ነበረው፤ ስፖርቱንም የወደደችው ከእርሱ ጋር ነው። የተወዳደረችው በባለ 50 ሲሲ፣ ማለትም ከሁሉ በትንሹና በዘገምተኛው ክፍል ነበር። ከፍተኛው ማርሽ አልገባ ቢላትም ሳታቋርጥ ጨርሳ 22ኛ ወጣች። አልወደቀችም፤ ማንንም አልገጨችም፤ ደንብም አልጣሰችም።

ከዚያ በኋላ ግን ዓለም አቀፍ የመወዳደሪያ ፈቃዷ ተወሰደ። ምክንያቱ ውድድሩ ለሴት አደገኛ ነው የሚል ነበር። እርሷም አጥብቃ ተቃወመች፤ የሰማት ግን የለም። በዚያ ደሴት ሌላ ሴት ብቻዋን ሞተር ይዛ በቲቲ የተወዳደረችው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1978፣ ሂላሪ ማሰን።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። «አደገኛ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው። ሴት ልጅ፣ እኅት ወይም ሚስት ያለችው ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ በፍርሃቱም ውስጥ ፍቅር አለ። እንዲያውም አንድ ሰው ተነሥቶ «የሰው ሕይወት ለእሽቅድምድም ሊገበር አይገባም፤ ይህ ውድድር ይቅር» ቢል ከባድና የሚከበር ክርክር ነው። ነገር ግን በ1962 የተባለው ይህ አይደለም። ውድድሩ ቀጠለ፤ ወንዶቹም መሞታቸው ቀጠለ። የተከለከለችው ከሁሉ በትንሹ ሞተር የተወዳደረችው ሴት ብቻ ናት። እንግዲህ ያሳሰባቸው ሞቱ ከሆነ ሁሉንም ባስጨነቃቸው ነበር። ያሳሰባቸው የሴት ሞት ለስፖርቱ የሚያመጣው መጥፎ ስም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አንድን ክልከላ እውነተኛ ጥንቃቄ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ በሁሉም ላይ በእኩል ይሠራል ወይ? በእኩል የሚሠራ ከሆነ ጥንቃቄ ነው። በአንዱ ወገን ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን የጥንቃቄ ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው። በ1930 «አትችልም» ብለው ነበር። በ1962 መቻሏን ዐይተዋል፤ ስለዚህ «ትችላለች፤ ግን ለእርሷ ብለን ነው» አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ ውጤታቸው ግን አንድ ነው።

ከአንድ ነጥብ ጋር

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በዝግታ የተከፈተ በር ታሪክ ነው። በዚያችው ደሴት በ2010 ጄኒ ቲንማውዝ የተራራውን ዙር በአማካይ በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ዞረች። በ2018 ደግሞ ስፔናዊቷ አና ካራስኮ ሱፐርስፖርት 300 በሚባለው ክፍል የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሜዳ ላይ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ብቻዋን ነድታ የዓለም ሻምፒዮና ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ውድድሩ ሴቶችና ወንዶች የተደባለቁበት ነበር፤ ተከታይዋን ወንድ የበለጠችው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ካራስኮ ሞተር ላይ መውጣት የጀመረችው ገና በሦስት ዓመቷ ነበር። በ2020 በልምምድ ላይ ወድቃ የአከርካሪ አጥንቷ ተሰበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ እንደ ገና አሸነፈች። በዚህ ጊዜ «ሴቶች ይወድቃሉ» ብሎ በሩን የዘጋ አልነበረም። ከ1930 እስከ 2020 የተለወጠው አስፋልቱ ወይም ሞተሩ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ያለው ክርክር ሌላ መልክ ይዟል። በ2024 ለሴቶች ብቻ የሆነ የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሞተር ይወዳደራሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈችውም ካራስኮ ናት። አንዳንዶች በዚህ ደስ አላቸው። ትልልቅ ሞተሮች የክንድ ጉልበት ይጠይቃሉ፤ ደግሞም ልጃገረዶች ገንዘብና ቡድን የሚያገኙበት የራሳቸው መድረክ ያስፈልጋቸዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ይሰጋሉ። ሴቶች ከወንዶች ጋር ተወዳድረው ማሸነፍ እንደሚችሉ ከታየ በኋላ ለብቻ መለየት ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም ወይ ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ነገር አለው። በእኔ አስተያየት የራስ መድረክ መልካም የሚሆነው በር ሲሆን ነው፤ አጥር ሲሆን ግን አይደለም። ከዚያ ወጥታ ወደ ዋናው ውድድር መግባት የምትፈልገው ሴት መንገዱ ክፍት ከሆነላት ይበጃታል። «እናንተ የራሳችሁ አላችሁ፤ ወደዚያ ሂዱ» ማለት ከተጀመረ ግን የ1962ቱ ነገር በአዲስ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ለእኛ የሚቀርልን ጥያቄ

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ሞተር ሳይክል የሚሽቀዳደም ላይኖር ይችላል። ወላጆቻችሁም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሞተር ግዙልኝ እንድትሏቸው አይፈልጉም፤ እኔም አልፈልግም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ነገር ግን አለ።

አንደኛ፣ የእነዚህን ሴቶች ሕይወት ብናጠና በብዙዎቹ ጀርባ በር የከፈተ ሰው እናገኛለን። ሺሊንግ ማርጋሬት ፓርትሪጅ ነበረቻት። ስዌይን ጋራዡን ያልደበቀባት ባል ነበራት። ብሌንኪሮንና ዋላክ እርስ በርሳቸው ነበሩ። የወርቅ ኮከቡን ደንብ የጻፉት ወንዶችም ቢሆኑ «ወንድ» የሚል ቃል ሳይጨምሩ በመጻፋቸው ሳያስቡት በር ከፍተዋል። ችሎታ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ወደ ሜዳው የሚያስገባ እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ «ትችላለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰነፍ ጥያቄ ነው። የሚሻለው «ተሞክሮ ያውቃል ወይ?» የሚለው ነው። በየወጣት ኅብረታችን የድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለው ማን ነው? ሻይ የሚያፈላውስ? ጉዞ ሲዘጋጅ ገንዘቡን የሚይዘው፣ ከሹፌር ጋር የሚነጋገረው፣ ስብሰባውን የሚመራው ማን ነው? ሳህን የሚያጥበውስ? እነዚህን ሥራዎች የከፋፈልናቸው ማን እንደሚችል ለክተን ነው ወይስ ሁልጊዜ እንዲሁ ስለ ነበረ? አንዲት እኅት ማይክሮፎኑን አንድ ጊዜ ብታስጮኸው «ሴቶች አይችሉበትም» እንላለን ወይስ ለወንድሞች እንደምንለው «ልምድ ያስፈልጋታል» እንላለን? ሻይ ማፍላትም ክብር ያለው ሥራ ነው፤ ክብር ያለው ከሆነ ደግሞ ወንድሞችም ይድረሳቸው።

ሦስተኛ፣ ለምንወዳቸው ስንጠነቀቅ ጥንቃቄያችንን እንፈትነው። ለእኅቴ የማልፈቅደውን ለወንድሜ እፈቅዳለሁ ወይ? የምፈቅድ ከሆነ የምጠብቀው እርሷን ነው ወይስ የሰውን ወሬ? ይህን ጥያቄ በቅንነት መመለስ ይከብዳል። የዚያን ጊዜዎቹ የስፖርት ባለሥልጣናትም ሳይመልሱት አለፉት፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ቤሪል ስዌይን ናት።

በብሩክላንድስ ደንቡ አንድ ነበር። ሦስቱም ሴቶች የተለየ ሰዓት አልጠየቁም፤ የተቀነሰ ማይልም አልፈለጉም። የጠየቁት ወደ ሜዳው መግባትን ብቻ ነው። ከእኛም ብዙ አይጠበቅም፤ በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤታችንና በየኅብረታችን መለኪያው አንድ እንዲሆን፣ በሩም ክፍት እንዲሆን ነው።